አዲስ የገቡ ፋይሎች ቶሎ እንዲገኙ የሶፍትዌር ማከማቻን እንዴት እናደራጅ?

ግቢ_ሰርቨር፦

ሰላም ለሁላችሁም። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ኔትወርክ ላይ የሶፍትዌር ማከማቻ እናስተዳድራለን። ኢንተርኔቱ ሲጨናነቅ ተማሪውም መምህሩም የሚያወርደው ከዚህ ነው። ወደ 6,200 ፋይል አለ፦ የሊኑክስ ማስጫኛዎች፣ ነጻ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች፣ የአማርኛ ፎንትና ኪቦርድ፣ ማኑዋሎች፣ ትምህርት ክፍሎች ራሳቸው የሠሯቸው ፕሮግራሞች። ሰርቨሩ ሊኑክስ ነው። ተጠቃሚው በብሮውዘር ገብቶ ያወርዳል፤ ለሌሎች ሁለት ግቢዎች ደግሞ ማታ ማታ በአርሲንክ (ፋይሎችን ከሰርቨር ወደ ሰርቨር በሚገለብጥ ፕሮግራም) ቅጂ ይላካል።

አዲስ የመጣ ፋይል «አዲስ» በሚባል ፎልደር ወር ያህል ቆይቶ ወደ ዘርፉ ይዛወራል። ሊንኩን ያስቀመጠ ሰው ከወር በኋላ ሲመለስ ፋይሉን ያጣዋል። በቀን ስንደረድር ደግሞ ትናንት የገባው ፋይል የ2019 ሆኖ ከታች ይገኛል። በአማርኛ ሲፈለግም አንዴ ይገኛል፣ አንዴ አይገኝም። በዚህ የተነሳ ማከማቻው ውስጥ ያለውን ፋይል «አስገቡልን» የሚል ጥያቄ በየቀኑ ይመጣል። ስክሪፕት መጻፍ እንችላለን፤ ሲስተም መግዛት ግን አንችልም። ከየት እንጀምር?

መዝገበኛ፦

መጀመሪያ «አዲስ» የሚባለውን ፎልደር አጥፉት። ወር ሲሞላው የሚለወጥ ነገር አድራሻ ውስጥ ከገባ ሊንኩ መሰበሩ የማይቀር ነው። ፋይሉ በገባበት ዕለት ዘላቂ ቦታው ላይ ይቀመጥ፤ ከዚያ በኋላ አይነቃነቅ። «አዲስ የገቡ» የሚለው ከመዝገብ እየተነበበ የሚወጣ ዝርዝር ብቻ ይሁን። እስከ ዛሬ የተበተኑት የ«አዲስ» ሊንኮች እንዳይሞቱ እያንዳንዱን ወደ አዲሱ ቦታው የሚመራ ቋሚ ማዞሪያ (301) ሰርቨሩ ላይ አስቀምጡ።

ትልልቆቹ ማከማቻዎች የሚሠሩት እንዲህ ነው። የጽሑፍ ማቀናበሪያው የቴክ (TeX) ማከማቻ የሆነው ሲታን (CTAN) ከሙሉው የፋይል ዝርዝር ጎን ያለፉትን 7 ቀናት ብቻ የያዘ ዝርዝር ያወጣል። በ1995 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የፕሮግራም ቋንቋው የፐርል ማከማቻ ሲፓንም (CPAN) የቅርብ ጊዜ ፋይሎችን ብቻ የሚዘረዝር ፋይል አለው። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የአሚጋ ኮምፒውተር ማከማቻ አሚኔት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ግዴታ ጥሏል፦ ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር የጽሑፍ መግለጫ መምጣት አለበት፤ መግለጫው ውስጥ ያለው የአጭር ማብራሪያ መስመር ከ40 ፊደል አይበልጥም። በዝርዝሩ ላይ ከስሙ ጎን የሚታየው ያ መስመር ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ተጠቃሚው አዲሱን ፋይል በዓይኑ አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ካለፈው አላገኘውም ማለት ነውና።

ወደ ቀኑ እንምጣ። የ2019 ፋይል ያላችሁት ስህተት አይደለም፤ ፋይሉ ላይ ያለው የመጨረሻ የለውጥ ጊዜ ነው። ዚፕ ሲፈታ ውስጡ ያለው ቀን አብሮ ይወጣል፤ አርሲንክም ሰዓትን ጠብቅ ከተባለ ያንኑ ይዞ ይመጣል። ያ ቀን ፕሮግራሙ መቼ እንደተሠራ ይናገራል እንጂ ማከማቻው ውስጥ መቼ እንደገባ አይናገርም። አንዳንዶች ከዚህ ለማምለጥ የሲስተሙን ሌላ ሰዓት፣ ማለትም የፋይሉ መረጃ የተለወጠበትን፣ ይጠቀማሉ። እሱ ደግሞ የፋይል ፈቃድ ወይም ባለቤት በተቀየረ ቁጥር ይታደሳል። አንድ ቀን ፈቃዶቹን በአንድ ትእዛዝ ስታስተካክሉ 6,200ውም ፋይል በአንድ ሌሊት «አዲስ» ይሆናል። ፋይሉ የተፈጠረበት ሰዓትም ቢሆን ወደ ሌላ ዲስክ ሲገለበጥ አብሮ አይሄድም።

ስለዚህ የገባበትን ጊዜ ማከማቻው ራሱ ይጻፈው። ለዚህ ኤስኪውላይት (በአንድ ፋይል የሚቀመጥ ነጻ ዳታቤዝ) ከበቂ በላይ ነው፤ የሚያስፈልገው ሁለት ሠንጠረዥ ነው። አንዱ የፋይሎች ነው፦ ቦታው፣ መጠኑ፣ የሻ-256 ቼክሰሙ (ከይዘቱ የሚሰላ ማረጋገጫ ቁጥር)፣ ስሪቱ፣ አጭር ማብራሪያው፣ ከየት እንደመጣ። ሁለተኛው የክንውኖች ነው፦ የትኛው ፋይል፣ መቼ፣ ምን ሆነ። «ምን ሆነ» የሚለው አምድ አራት ቃል ብቻ ይቀበል፦ አዲስ፣ የታደሰ፣ የተስተካከለ ማብራሪያ፣ የተነሳ። በዚህ ሠንጠረዥ ላይ ይጨመራል እንጂ አይፋቅም፤ የተጻፈም አይለወጥም። የዛሬ፣ የሳምንትና የ30 ቀን ዝርዝሮች ሦስቱም ከእሱ ይወጣሉ። «አዲስ»ና «የታደሰ» በገጹ ላይ ተለያይተው ይታዩ። ካልተለያዩ በየሳምንቱ የሚታደስ አንድ ብሮውዘር፣ በዓመት አንዴ የሚመጣውን የአማርኛ ኪቦርድ ውጦ ያስቀረዋል።

ድልድይ፦

መዝገበኛ ያሉትን ሁሉ እደግፋለሁ። እኔ ደግሞ ፋይሉ ከሰው እጅ ወጥቶ ዝርዝሩ ላይ እስኪወጣ ድረስ ስላለው መንገድ ልጻፍ፤ ብዙ ማከማቻ የሚበላሸው እዚያ ነው።

ሰው የሚያስገባበት ፎልደር ሕዝብ ከሚያወርድበት ተለይቶ ይሁን። ፈቃዱ 1733 ይሁን፦ ማንም ያስገባል፣ ምን እንዳለ ግን ማንም አይዘረዝርም፣ የሌላውንም አይሰርዝም። የሚነበብ ከሆነ ሰዎች ያልተፈቀደ ነገር እዚያ እየጫኑ ሊንኩን ለሌላ ይሰጣሉ። በኤፍቲፒ ዘመን ክፍት የመረከቢያ ፎልደሮች የተሰረቀ ሶፍትዌር መተላለፊያ የሆኑት በዚሁ ምክንያት ነበር።

ስክሪፕቱ ከዚያ ፎልደር ሲያነሳ ገና እየተጫነ ያለ ፋይል እንዳይወስድ ይጠንቀቅ። 4 ጊጋባይት ማስጫኛ በደካማ መስመር ሲመጣ ግማሹ ደርሶ ስክሪፕቱ ከተነሳ የተቆረጠ ፋይል ታትሞ ይወጣል። አስገቢው ቼክሰሙን በትንሽ ጽሑፍ ፋይል አብሮ ይላክ፤ ያ ጽሑፍ እስኪደርስና ቁጥሩ እስኪገጥም ፋይሉ አይነካ። ይህን የማያደርግ አስገቢ ካለ የፋይሉ መጠን ለ10 ደቂቃ ሳይለወጥ መቆየቱን ማየት ይቻላል፤ ዋስትናው ግን ደካማ ነው፤ መስመሩ 10 ደቂቃ ተቋርጦ ሊመለስ ይችላልና።

ከዚያ ፋይሉን ወደ ሕዝቡ ዲስክ በጊዜያዊ ስም ገልብጡ፣ ቼክሰሙን እንደገና አረጋግጡ፣ መጨረሻ ላይ ስሙን ለውጡ። በአንድ ዲስክ ክፍል ውስጥ ስም መለወጥ በአንድ ቅጽበት ይፈጸማል፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ማዛወር ግን ስሙ ማዛወር ይባል እንጂ ሥራው መገልበጥ ነው፤ መሃል ላይ የሚያየው ሰው ጎዶሎ ፋይል ያገኛል። ዝርዝሮቹም ሲጻፉ በዚሁ መንገድ ይጻፉ።

ወደ ሁለቱ ግቢዎች በሚሄደው ቅጂ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ በመጀመሪያው ዙር ፋይሎቹ ብቻ፣ ያለ ምንም ስረዛ፤ በሁለተኛው ዙር ዝርዝሮቹ። ስረዛው ከዚያ በኋላ ይሁን፣ ቢያንስ አንድ ቀን ቢቆይ ይሻላል። ዝርዝሩ ቀድሞ ከሄደና መብራት ከጠፋ እዚያ ያለው ተማሪ ያልደረሰ ፋይል ስም እያየ ይጫናል። የዴቢያን (የአንድ ሊኑክስ ዓይነት) ቅጂ ሰርቨሮች በሁለት ዙር የሚታደሱት ለዚሁ ነው፤ እያንዳንዱም መጨረሻ የታደሰበትን ሰዓት የያዘች ትንሽ ፋይል ያስቀምጣል። እናንተም እሷን ፋይል አትርሱ። በግቢዎቹ ገጽ ላይ «ይህ ቅጂ የታደሰው በዚህ ሰዓት ነው» ተብላ ትታይ፤ ከ24 ሰዓት ካለፈች ለእናንተ ማስጠንቀቂያ ይድረስ።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚጠፋ ነገር፦ በአንድ ስም የታተመን ፋይል በሌላ ይዘት አትተኩ፤ የአንድ ፊደል ስህተት እንኳ ብታርሙ የስሪት ቁጥሩን ጨምሩ። መሃል ላይ ያለ ፕሮክሲ (የወረደን ፋይል ይዞ ለሌላው የሚሰጥ ሰርቨር) አሮጌውን ይዞ ይሰጣል፣ ዝርዝሩ አዲሱን ቼክሰም ያሳያል፣ ተጠቃሚው ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ አሥር ጊዜ ያወርዳል። ስሪት ያለው ፋይል ፈጽሞ የማይለወጥ ከሆነ ግን ሰርቨሩ «ዓመት ያዙት» ማለት ይችላል፤ ዝርዝሮቹን ደግሞ ከ5 ደቂቃ በላይ እንዳይይዙ ይንገር። ቋሚ ስም ያለው «የመጨረሻው ስሪት» ሊንክ ካስፈለገ ጊዜያዊ ማዞሪያ (302) ይሁን። በ301 ከተሠራ ብሮውዘሩ ስለሚያስታውሰው በሚቀጥለው ስሪትም ወደ አሮጌው ይሄዳል።

ግቢ_ሰርቨር፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁለታችሁንም። ሦስት ነገር ልጨምር። ከአሮጌ ሰርቨር የሚመጡ 1,400 ያህል ፋይሎች አሉን፤ ስናስገባቸው ዝርዝሩን አያጥለቀልቁትም? የአርኤስኤስ ምግብም (አዲስ ነገር ሲገባ ለተከታታዮች የሚያሳውቅ ዝርዝር) ልናወጣ አስበናል፤ የመጨረሻዎቹን 15 ፋይሎች ቢይዝ ይበቃል? ስማቸው በአማርኛ የሆኑ ፋይሎች ላይ ደግሞ አስገቢዎች ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፋሉ፤ ይህን እንዴት እናስተካክል?

ፊደል_ቆጣሪ፦

የአማርኛውን ጉዳይ እኔ ልውሰድ።

«2017-01-05» ብሎ የተሰየመ ፋይል አስቡ። መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሆነ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024 ነው። በፈረንጁ ከተነበበ ጃንዋሪ 5 ቀን 2017 ነው። በመሃሉ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ አለ፤ የትኛው እንደሆነ ከስሙ ማወቅ አይቻልም። መፍትሔው በፋይል ስምም በዳታቤዝም ውስጥ የፈረንጁን ቀን በዓመት-ወር-ቀን ቅደም ተከተል ማስቀመጥ፣ ሰዓቱንም በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) መያዝ ነው። ለሰው በሚታየው ገጽ ላይ ግን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይራችሁ ከወሩ ስም ጋር ጻፉት፤ «መስከረም 5 ቀን 2017» ማንንም አያሳስትም። ቀያሪውን ስትጽፉ መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብላችሁ አታስቡ፤ ጳጉሜ 6 ቀን በሆነችበት ማግስት 12 ላይ ይውላል፣ ለምሳሌ የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። አሥራ ሦስተኛ ወር መኖሩንም ፈትሹ፤ ከ12 የበለጠ ወር አልቀበልም የሚል ኮድ ጳጉሜን ይጥላል። የማታ ሥራ ሰዓት ስትመድቡም ተስማሙ፦ «9 ሰዓት ላይ ይነሳ» የተባለውን አንዱ ከሌሊቱ 9 ብሎ ያስባል፣ ሌላው በሰርቨሩ ላይ 9 ብሎ ይጽፍና ሥራው ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ኔትወርኩ በተጨናነቀበት ይነሳል።

የፋይል ስም ላይ ትልቁ ወጥመድ ሕዝባር ነው። ት/ቤት፣ ዶ/ር፣ ዓ/ም ብለን እንጽፋለን፤ ለሲስተሙ ግን ሕዝባር የፎልደር መለያ ነው። ስክሪፕቱ የጎደለ ፎልደር እንዲፈጥር ከታዘዘ «የት/ቤት መዝገብ» የሚለው ስም «የት» የሚባል ፎልደርና በውስጡ «ቤት መዝገብ» የሚባል ፋይል ሆኖ ይቀመጣል። ስም ሲገባ ሕዝባሩ ወደ ነጥብ ይቀየር። ሁለቱን ነጥብ የሚያስገቡም አሉ፤ የላቲኑ ሁለት ነጥብ በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ ስለማይፈቀድ አውርደው ማስቀመጥ ያቅታቸዋል። ርዝመቱም ያሳስባል፦ በዩቲኤፍ-8 (በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ ሊኑክስ ላይ የተለመደው የስም ጣሪያ 255 ባይት ስለሆነ 85 ፊደል ላይ ያበቃል። በሊንክ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክት ይዘረጋል፤ 20 ፊደል ያለው ስም 180 ምልክት ይሆንና ሰው በመልእክት ሲልከው መሃል ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ የፋይሉ ስም አጭርና በላቲን፣ የሚታየው ርእስና ማብራሪያ በአማርኛ ቢሆን እመርጣለሁ። አማርኛ ስለማልወድ አይደለም፤ ርእሱን በዳታቤዝ ውስጥ በነጻነት ማስረዘምም ማረምም ስለሚቻል፣ ሊንኩ ግን ስለማይነካ ነው።

በፊደል ተራ ስትደረድሩ በ«የ» የሚጀምሩ ርእሶች ሁሉ አንድ ቦታ ይከመራሉ፦ የአማርኛ ፎንት፣ የኪቦርድ ማስጫኛ፣ የሒሳብ መለማመጃ። ዴቢያንም ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሚጠቀምበት የፋይል ገንዳ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል፤ ላይብረሪዎቹ በአብዛኛው ስማቸው በ«ሊብ» ስለሚጀምር በአንደኛው ፊደል ብቻ ቢከፋፈሉ አንድ ፎልደር ይጨናነቅ ነበር፤ ለእነሱ ብቻ አራት ፊደል ይቆጠራል። እናንተም ለመደርደሪያ የሚሆን ሁለተኛ ርእስ ከመነሻው «የ» አንስታችሁ ያዙ። የስሪት ቁጥርም በፊደል ተራ ሲደረደር 1.10 ከ1.9 በፊት ስለሚመጣ ነጥቦቹ መሃል ያለው ሁሉ እንደ ቁጥር ይነጻጸር።

ፍለጋው አንዴ ተሳክቶ አንዴ የሚከሽፈው በሞክሼ ፊደላት ምክንያት ነው። አስገቢው «ፀሐይ» ብሎ ጽፎ ፈላጊው «ጸሀይ» ካለ ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ደንብ) እነዚህን አያዋህድም፤ ፊደሎቹ በእርግጥም የተለያዩ ስለሆኑ አይገባውምም። ስለዚህ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል አምድ ጨምሩ። እዚያ ሲገባ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኃ ወደ ሀ፤ ሠ ወደ ሰ፤ ዐ፣ ዓ፣ ኣ ወደ አ፤ ፀ ወደ ጸ ይቀየሩ፤ የቀሩት እርባታዎችም እንደየመልካቸው፣ ሑ ወደ ሁ፣ ሢ ወደ ሲ። ፈላጊው የጻፈውም በዚያው ወንፊት ይለፍ። የሚታየውን ጽሑፍ ግን አትንኩ፤ ሰው ስሙን በመረጠው ፊደል የመጻፍ መብት አለው። ኮምፒውተር፣ ኮምፒዩተር፣ ኮምፕዩተር ዓይነቱን ፊደል ማዋሃድ አይፈታውም፤ የአቻ ቃላት ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። ከየት ትጀምራላችሁ ብትሉ፣ ውጤት ያላገኙ ፍለጋዎችን መዝግቡና በየሳምንቱ ከላይ ያሉትን 20 እዩ። ሠንጠረዡን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ይሞሉላችኋል።

የአማርኛ ቃል ከፊትም ከኋላም ስለሚቀጥል (ለፎንቶቹ፣ በፎንቱ፣ ከፎንት) ሙሉ ቃል የሚያነጻጽር ፍለጋ አይበቃም። ኤስኪውላይት ከስሪት 3.34 ጀምሮ በሦስት ሦስት ፊደል እየከፋፈለ የሚያመሳክር የጽሑፍ ፍለጋ አለው፤ ለእኛ ቋንቋ ይስማማል። አንድ ጉድለት አለው፦ ከሦስት ፊደል ያነሰ ቃል አያገኝም፤ «ቃል»፣ «ድር»፣ «ካርታ» ብላችሁ ሞክሩ፣ ሦስተኛው ብቻ ይመጣል። ሁለት ፊደል ሲመጣ ወደ ተራው የ«ይመስላል» (LIKE) ማነጻጸሪያ ዝለሉ፤ በ6,200 መስመር ላይ ፍጥነቱ አያሳስብም።

አሮጌ መግለጫዎች ከተቀበላችሁ ደግሞ አንድ በአንድ ተመልከቷቸው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በስሪት 3.0 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ያለ ፎንቱ ሲከፈት የላቲን ዝብርቅርቅ ነው፤ ፍለጋውም አያገኘውም። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይቀየር፣ ከዚያ ይግባ።

መዝገበኛ፦

የቀሩትን ሁለቱን ልመልስ።

ስለ ምግቡ፦ በቁጥር አትገድቡ፣ በጊዜ ገድቡ። 15 ብላችሁ በአንድ ቀን 40 ፋይል ከገባ፣ በቀን አንዴ የሚያነብ ሰው ሳያያቸው 25ቱ ያልፋሉ፤ ማለፋቸውንም አያውቅም። የ30 ቀን ክንውን በሙሉ ይያዝ። የእያንዳንዱ መስመር መለያ ከክንውኑ ቁጥር ይሠራ፣ ከሊንኩ አይሁን። ሊንኩ መለያ ከሆነ ያንኑ ፋይል ተገድዳችሁ ወደ ሌላ ዘርፍ ብታዛውሩ አንባቢው እንደ አዲስ ይቆጥረዋል። ምግቡ ካልተለወጠ ሰርቨሩ «አልተለወጠም» (304) ብቻ ብሎ እንዲመልስ አድርጉ፤ በሞባይል ዳታ ለሚከታተል ሰው ልዩነቱ ከፍተኛ ነው። አብዛኛው ተማሪ የሚከታተለው ቴሌግራም ከሆነ ደግሞ ከዚያው የክንውን ሠንጠረዥ በቀን አንድ መልእክት ይውጣ። አንድ መልእክት ከ4,096 ፊደል አይበልጥም፤ ከዚያ ካለፈ አዲሶቹን ብቻ ዘርዝሩና የታደሱትን በቁጥር ግለጹ። ሊንኩ ከግቢ ውጭ የማይከፈት የውስጥ አድራሻ ከሆነ መልእክቱ ውስጥ ይነገር፤ ካልሆነ ቤቱ ሆኖ የነካው ሁሉ «ተበላሽቷል» ይላል።

ስለ 1,400ዎቹ፦ የፋይል ሠንጠረዡ ውስጥ ይግቡ፣ የክንውን ሠንጠረዡ ላይ ግን «አዲስ» ተብለው አይመዝገቡ። «ነባር» የሚል አምስተኛ ቃል ጨምሩና ዝርዝሮቹም ምግቡም እንዲዘሉት አድርጉ። የገቡበት ቀን የአሮጌው ሰርቨር መዝገብ ካለ ከዚያ ይወሰድ፤ ከሌለ ባዶ ይቀመጥ፤ ከፋይሉ ላይ ያለውን ቀን እንደ መግቢያ ቀን አትጻፉ። ከማስገባታችሁ በፊት በቼክሰም አመሳክሩ። ስማቸው የተለያየ ይዘታቸው አንድ የሆኑ ብዙ ይገኛሉ፤ እነሱን ሁለተኛ ቅጂ ሳታስቀምጡ ወደ ነበረው ፋይል በማዞሪያ አገናኟቸው።

በዲስክ የምትወስዱላቸው ክፍሎች ካሉ አንድ ነገር አስቡ፦ በፋት32 (በቆየው የፍላሽ አደረጃጀት) የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ ፋይል አይቀበልም፤ ሰዓትንም የሚይዘው በ2 ሰከንድ ክፍተት ነው። አርሲንክ የሰዓት ልዩነትን እስከ 1 ሰከንድ እንዲታገሥ ካልተነገረው ከፊሉ ፋይል ተለውጧል ብሎ በየጊዜው እንደገና ይገለብጣል።

ድልድይ፦

ስለሚነሳ ፋይል አንድ ነገር ልጨምር። ፋይል ስታነሱ ሊንኩ «አልተገኘም» (404) አይበል፤ «ተነስቷል» (410) ይበልና ገጹ ላይ ምክንያቱና የሚተካው ፋይል ሊንክ ይኑር። በደኅንነት ጉድለት ምክንያት የተነሳ ከሆነ በ30 ቀኑ ዝርዝርም ላይ ይውጣ፤ ባለፈው ወር ያወረደው ሰው ማወቅ የሚችለው በዚያ ነው።